ሁለት ዓመት የታሰረው ስልቻ

አዳማ ባቡር ጣቢያ ጎራ ያለ ሰው ጎሹን ሳያይ አይመለስም። ቴሌግራፍ ቤቱ ውስጥ እግሩን አነባብሮ ይቀመጥና መምቻውን ጣ ጣ ጣ ያደርጋል። የድሬዳዋ ወሬ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሱ ጆሮ ነው። ነጋዴው በመስኮት ብቅ ብሎ «ጎሹ፣ ጨዌ ተነሣ ወይ?» ይለዋል፤ እሱም «ተነሥቷል፣ ግን መንገድ ላይ እየቀለጠ ነው» ብሎ ሰውን ሁሉ ያስቃል። ታዲያ ይህ ሳቂታ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃውን በስልቻ ሸክፎ፣ አፉን አስሮ፣ ከራስጌው አድርጎ ይተኛ ነበር ብላችሁ ማን ያምነኛል? ነበር ግን። እነግራችኋለሁ፤ ማመኑ የእናንተ ነው።

ጎሹ የተወለደው ጎንደር፣ ወገራ ውስጥ፣ ከአንዲት የቀጥቃጮች መንደር ነው። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ፤ እናቱ ድስትና ገንቦ ይሠራሉ። እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። ኦሪታቸውን ይጠብቃሉ፣ ቅዳሜን ያከብራሉ፣ በዚያ ቀን እሳት አይነኩም። ጎረቤቱ ግን ፈላሻ ይላቸዋል፤ ሲብስበት ደግሞ ቡዳ ይላቸዋል። በሠሩለት ማረሻ ያርሳል፣ በሠሩለት ድስት ወጡን ይበላል፣ ልጁን ሆዱን ሲቆርጠው ግን «እነዚያ በሉብኝ!» ነው። አይ የሰው ነገር! ድስቱ አልበላችሁ፣ ማረሻው አልበላችሁ፣ ሠሪው ብቻ ነው የሚበላችሁ?

ጎሹ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ያየውን ነገር ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። የአንዲት ጎረቤት ሕፃን ታመመና ሰዎች ዱላ ይዘው መጡ። አባቱን ብረት ከሚያግሉበት ከውር ላይ አስነሥተው ወሰዷቸው። «ትፋበት!» አሏቸው። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው ቡዳው ራሱ እንትፍ ሲልበት ነው ይባላላ። አባቱ ምን ያድርጉ? ባይተፉ ሕፃኑን ገደለው ሊባሉ ነው። ቢተፉ ደግሞ በላሁት ብለው በገዛ አፋቸው መመስከራቸው ነው። ተፉ። ሕፃኑም ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ የአባቱን ስም የሚጠራ ጠፋ፤ «በላተኛው» ብቻ ሆኑ።

ጎሹ አድጎ አዲስ አበባ ወረደ፤ ከወገኖቹ አንዱ ፊደልና ፈረንሳይኛ አስቆጠረው። በ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት አዳማ ውስጥ ሙሴ ካራቤት የሚባሉ አርመን ቴሌግራፍ የሚያስተምሩበት ተማሪ ቤት መክፈታቸውን ሰማና ባቡር ተሳፈረ። እናቱ ሲሸኙት አንዲት ነገር ሰጥተውት ነበር፤ የአባቱን ትንሿን መዶሻ። ስልቻው ግርጌ ከሸማው በታች ቀበራት። ባቡሩ ሞጆ ላይ ሲቆም ከአንዲት ሴት ጥቁር ክር ገዛ። ፊቱን ወደ አንድ ግራር አዙሮ አንገቱ ላይ አሰረው። ማተብ መሆኑ ነው፤ ማተብ ያሰረን ሰው ክርስቲያን ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለምና። አሰረው ስል ቀላል ይመስላል። ጎሹ ግን እስከ አዳማ ድረስ እያለቀሰ ሄደ፤ የባቡሩ ጢስ ነው እያለ ዓይኑን ይጠርጋል።

ተማሪ ቤቱ አንድ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነው። አሥራ ሁለት ወጣቶች እዚያው ይማራሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። ምግባቸውን የምታበስል እመት ዘርፉ የምትባል የመንዝ ሴት አለች። ይቅርታ፣ የሚባሉ፣ አሉ ልበል፤ እመት ዘርፉን አንቺ ያለ ሰው ወጥ ሲቀርብለት ሥጋው ከድስቱ ይሸሸው ነበር። ከተማሪዎቹ ውስጥ አውራዎቹ ሁለት የአጎት ልጆች ናቸው፤ ሐዲስና ኃይለየሱስ፣ የቡልጋ ልጆች። ሐዲስ ቀልደኛ፣ አፉ የማያርፍ ነው። ኃይለየሱስ ደግሞ ግንባሩ የማይፈታ፣ የሰውን ሁሉ ጾም የሚቆጥር ነው። በአንድ ጥግ የሚተኛው አብዱልመናን ይባላል፤ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ልጅ፣ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ብቸኛው እስላም።

አብዱልመናን እንደ ጎሹ አልተደበቀም። ከቤቱ ኋላ አጎዛውን ዘርግቶ ይሰግዳል፣ ምግቡን ለብቻው ይበላል፣ ሲሰድቡት ይስቃል። አንድ ቀን ግን አጎዛው ላይ የተጋጠ አጥንት ተጥሎ አገኘ። አንሥቶ ወረወረው፣ አጎዛውን አጠበ፣ ተመልሶ ሳቀ። ጎሹ ያን ሳቅ አየ። የራሱ ሳቅ ነበር፤ ከጥርስ አልፎ የማይገባ።

ሙሴ ካራቤት መጀመሪያ ቀን ያሉት ነገር ነበር። «ሁለት ዓመት ተምራችሁ ፈተና ትቀመጣላችሁ። ከሁሉ የበለጡትን ሁለት ልጆች ለጣቢያው ቴሌግራፍ ቤት ራሴ አቀርባለሁ።» ጎሹ ያን ጊዜ ምሎ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ ብሎ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አባቱ ማን ነው ተብሎ ሳይሆን ወሬው ደረሰ ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ጎሹ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

ፍርሃቱ ግን አብሮት ይበላል፣ አብሮት ይተኛል። ቅዳሜ ሲመጣ እሳት ላለመንካት «ራሴን አመመኝ» ይላል። በግ ሲታረድ «ስእለት አለብኝ» ይላል፤ ክርስቲያን ያረደውን እስላም እንደማይበላ ሁሉ ቤተ እስራኤልም አይበላምና። በኅዳር ሚካኤል ኃይለየሱስ በግ አረደ። ጎሹ ስእለቱን ጠቅሶ ከጣቢያው በላይ ወዳለው ግራር ወጣ። እዚያ አብዱልመናን ቁጭ ብሎ ሽንብራ ቆሎ ይቆረጥማል።

«አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ? ሥጋው እታች ነው» አለው።

«ስእለት አለብኝ።»

«ባለፈውም ስእለት፣ ዛሬም ስእለት! ዋላሂ፣ አንተስ ለታቦቱ ሁሉ ተስለህ ጨርሰሃል። ና ተቀመጥ ይልቅ» አለና ቆሎውን ዘረጋለት። ሌላ አልጠየቀም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእነዚህን ግን ቆሎው ሊያወጣው ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲያ በግ በታረደ ቁጥር ሁለቱ ግራሩ ሥር ናቸው።

ሁለት ዓመቱ ሊያልቅ፣ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት የቴሌግራፍ መምቻ ተሰበረ። ያላቸው እሱ ብቻ ነበር። ሙሴ ካራቤት ራሳቸውን ያዙ፤ ሌላ ከጅቡቲ እስኪመጣ ፈተናው ሊያልፍ ነው። ጎሹ አንድ ቀን ሙሉ ታገሠ። በማግሥቱ ግን እጁ አላስቻለውም። ሁሉም ወንዝ ሲወርዱ መዶሻይቱን ከስልቻው ግርጌ አወጣ፣ አንዲት ቁራጭ ብረት በከሰል አግሎ ቀጠቀጠና መምቻውን ጠገነው። ተማሪዎቹ ሲመለሱ ጣ ጣ እያለ ነው። ሙሴ ካራቤት አቅፈው ሳሙት። ሐዲስ መምቻውን አገላብጦ አየና «ኧረ ይሄ የጎንደር ልጅ! እጁ እኮ የቀጥቃጭ ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሐዲስ ለቀልዱ ነው ያለው። ጎሹ ግን አልሳቀም። ኃይለየሱስም አልሳቀም። የጎሹን እጅ ነው ያየው።

ሐዲስ ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ ቆቃ ወርዶ፣ አዋሽ ዳር ካለው የአጎቱ እርሻ ሦስት ሌሊት አድሮ ነበር። የአዋሽ ትንኝ ደግሞ የቡልጋ ልጅ ነው ብላ አትምርም። በመምቻው ቀልድ በሳምንቱ ንዳድ ጣለው። ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሱ ይፋጫል፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ምጣድ ይግላል። ሙሴ ካራቤት ለጉዳይ አዲስ አበባ ወጥተው ነበር። ኃይለየሱስ ስለ አዋሽ ትንኝ አላሰበም፤ ያሰበው ስለ እጅ ነው። «ንዳድ አይደለም! በልተውታል! እጅህ የቀጥቃጭ ነው ባለው በሳምንቱ?» አለ። ከዚያ አንዱ «ጎሹ ሥጋ እኮ በልቶ አያውቅም» አለ። ሌላው «ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱን ያመዋል» አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሁለት ዓመት የሸሸው ነገር በአንድ ጠዋት ደረሰ።

ጎሹ ይህን በግድግዳው ማዶ ቆሞ ሰማ። ስልቻው እንደሆነ ታስሯል። አነሣውና በጓሮ ወጣ፤ ወደ ጣቢያው ገሰገሰ። የድሬዳዋው ባቡር ሰዓት ደርሷል። ፈተናው፣ ወንበሩ፣ መምቻው፣ ሁሉም ኋላው ቀረ። አባቱ ትዝ አሉት። «እኔስ አልተፋም» እያለ ይሮጣል፤ ግን እየሸሸ መሆኑን ያውቀዋል፣ ያውቀውና ያፍራል።

ጣቢያው ጥላ ሥር ሲደርስ አብዱልመናን ቁጭ ብሏል። ጉልበቱ ላይ ስልቻ ይዟል። የእሱም አፉ ታስሯል።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለ ጎሹ።

«አንተስ?»

«እኔ የምሄድበትን ምክንያት ታውቃለህ። አንተን ማን ምን አለህ?»

አብዱልመናን መሬት መሬት አየ። «እስካሁን ማንም ምንም አላለኝም። ግን አንተን ካስወጡ ማን ቀረ? ዛሬ የአንተ ቀን ነው፣ ነገ የእኔ ነው። ይሄ ስልቻ ከመጣሁ ቀን ጀምሮ ታስሮ ነው የሚያድረው፤ ሸማዬን እንኳ ለብሼ እመልስበታለሁ።»

ጎሹ አየው። «የእኔም!» አለ። ሁለቱም ስልቻቸውን ተያዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት፣ በአራት ክንድ ርቀት፣ ሁለቱም እንደ ታሰሩ ተኝተዋል። መጀመሪያ አብዱልመናን ሳቀ፤ ጎሹም ሳቀ፤ ከሳቁ መሀል ጎሹ አለቀሰ። አብዱልመናን ትከሻውን ያዘው። ይህ ሳቅ ከጥርስ አልፎ ይገባ ነበር።

ያን ጊዜ ጎሹ ሁሉንም ነገረው፤ ወገራን፣ አባቱን፣ ሞጆ ላይ የገዛውን ክር። አብዱልመናን «እሱንስ ግራሩ ሥር አውቄዋለሁ» አለው። «ይልቅ ስማኝ። አባቴ ዝዋይ ዳር ሲነግድ በየክረምቱ ንዳድ ይይዘዋል። ሐዲስን ያየሁት ጠዋት ነው፤ ንዳድ ነው። ኪኒን ካልወሰደ ይሞታል። ከሞተ ደግሞ አንተ ድሬዳዋ ብትደርስም ገዳይ ነህ።»

ባቡሩ ጮኸ። ጣቢያው ፊት ለፊት የግሪኩ ሱቅ አለ፤ ኪኒን ይሸጣል። ሁለቱም ለመሳፈሪያ የያዙትን አወጡና አንድ ላይ ሰጡት። ኪኒን ውድ ነበር፤ ሲወጡ እጃቸው ላይ የቀረው ትንሿ ጠርሙስ ብቻ ናት። ባቡሩም ሄደ። ከዚህ ወዲያ መሸሽ ቢፈልጉም መሸሻ የላቸውም።

ሲመለሱ ቤቱ ጢስ ሞልቶበታል። ሐዲስን በሽታው አንሶት ይመስል አፍንጫው ሥር ጫማና ቅጠል ያጨሱበታል። ኃይለየሱስ ከላዩ ቆሞ «ማን በላህ? ተናገር፣ ማን በላህ?» ይለዋል። ሐዲስ ይስላል እንጂ አይመልስም። ጎሹን በር ላይ ሲያዩ ሁሉም ተነሡ።

«መጣ! በል ትፋበት!» አለ ኃይለየሱስ።

«ኪኒን አምጥቻለሁ። ውኃ ስጡኝ» አለ ጎሹ።

«መጀመሪያ ትፋበት! የበላኸውን መልስ!»

ይኸው እንግዲህ። አባቱ ከተፉ ሃያ ዓመት ሊሆን ነው፤ አሁንም ያው በር፣ ያው ቃል። ቢተፋ አመነ፣ ባይተፋ ገደለ። ጎሹ አፉን ሊከፍት ሞከረ፤ ምላሱ ደርቆ ላንቃው ላይ ተጣብቋል። ከፍርሃት የተነሣ ልትፋ ቢልም ምራቅ አልነበረውም። ከቶ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

አብዱልመናን ከኋላው መጥቶ አለፈው። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። «መትፋት ነው የሚያድነው?» አለ። «ታዲያ እኔ ልጀምር። እኛ አገር ሽማግሌ የሚመርቀው እንትፍ ብሎ ነው። እናንተ አገርስ?» ጎንበስ አለና የሐዲስን ግንባር በስሱ እንትፍ አለበት። «ፈያ ታኢ» አለው፤ ጤና ሁን ማለቱ ነው።

«እስላሙም በልቶታል በላ እንግዲህ!» ያለ አንድ ሰው ነበር። እመት ዘርፉ የወጥ ማማሰያቸውን እንደ ያዙ ከጓዳ ወጡ።

«ዝም በል፣ አንተ!» አሉት። «እኔንም በልታዋለች በለኛ! ሁለት ዓመት ያበላሁት እኔ ነኝ፣ ልበላውም ብል የሚቀድመኝ የለም!» ሄደው ሐዲስን እንትፍ እንትፍ አሉበት። «እመቤቴ ትማርህ፣ ልጄ።» ከዚያ ዞረው ማማሰያቸውን ወደ ተማሪዎቹ ቀሰሩ። «ተሰለፉ! ወንድማችሁ አይደለም? የማይመርቅ ካለ ዛሬ ራት የለውም!»

ሰው ሲፈራ የሚፈራው ብዙ ነው፤ ግን እመት ዘርፉን የማይፈራ አልነበረም። አንድ በአንድ መጡ፣ እንትፍ አሉ፣ «ይማርህ» አሉ። ከግማሽ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ፤ እውነትም ምርቃት ሆነ። አንዱ ዓይኑ እንባ አዘለ። ኃይለየሱስ መጨረሻ ላይ ቀረ። ማማሰያውን አየ፣ ሐዲስን አየ። ጎንበስ ብሎ እንትፍ ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ወንድሙን ፈርቶለት ነበራ። እሱም የፈራ ሰው ነበር፣ ለካ።

አሁን የቀረው ጎሹ ነው። እሱም ቢተፋ ከአሥራ ሁለት ሰው አንዱ ነው። ግን አፉ እንደ ደረቀ ነበር። ስለዚህ አልተፋም። የሐዲስን ራስ በክንዱ ቀና አደረገና «እግዚአብሔር ይማርህ» አለው፤ ኪኒኑንም በገዛ እጁ አጎረሰው፣ ውኃውንም ያዘለት። ኃይለየሱስ ሊከለክል እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። ሐዲስ ዋጠ፤ ፊቱን አጨማደደ። «ምንድን ነው ይሄ? እሬት?» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር።

ንዳዱ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፣ ግን ቀለለ። በአምስተኛው ቀን ሐዲስ ተነሥቶ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ጎሹና አብዱልመናን እዚያው ናቸው፤ ለፈተናው ይጠያየቃሉ። ማንም ሂዱ አላላቸውም። ኃይለየሱስም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን የአብዱልመናንን አጎዛ ዝናብ ሲመጣ አንሥቶ ያስገባው እሱ ነው፣ እመት ዘርፉ አይተዋል።

ሐዲስ እየተጎተተ ወደ ጎሹ መጣና መዳፉን ዘረጋ። የአንገቱ የብር መስቀል ናት፤ ሲንፈራገጥ ማንጠልጠያዋ ተሰብሯል፣ ክሩም ተበጥሶ ጠፍቷል።

«እናቴ የሰጠችኝ ናት» አለ። «እጅህ የቀጥቃጭ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ አይደል? በል እንግዲህ፣ ቀጥቅጣት።»

ጎሹ መስቀሏን ተቀበለ። በሁሉም ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የስልቻውን አፍ ፈታ። ሸማውን አወጣ፣ መጽሐፉን አወጣ፣ መዶሻይቱን አወጣ። ማንጠልጠያዋን ድንጋይ ላይ አድርጎ በስሱ መታ መታ አደረጋት፤ እንዳባቱ። ተገጣጠመች። የሚያስራት ክር ግን አልነበረም። ጎሹ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና የሞጆውን ክር ፈታው፣ በመስቀሏ ውስጥ አሾለከው።

«ይሄ ክር የአንተ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አለ። «እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። አባቴም ቀጥቃጭ ነው።»

እመት ዘርፉ ከጓዳ ሆነው «ዓርብ ዓርብ የቅዳሜህን እንጀራ ለብቻ የማስቀምጥልህ ለምን ይመስልሃል፣ ልጄ?» አሉ።

ሐዲስ የጎሹን ባዶ አንገት አየ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አደረገ። «እሰርልኝ» አለው። ጎሹ አሰረለት። ሐዲስ ቀና ሲል ያ የድሮ ሳቁ ፊቱ ላይ ነበር። «እንዴ ጎሹ! አንገትህ ለካ እንዲህ ቀጭን ነው! ያን ሁሉ ጊዜ በምን ተሸከምከው?»

አብዱልመናን ሄዶ የራሱንም ስልቻ አምጥቶ ዘረገፈው። ከፈተናው በኋላ ሙሴ ካራቤት ለጣቢያው ያቀረቧቸው ሁለት ስሞች የጎሹና የእሱ ነበሩ። አብዱልመናን ኋላ ተዛውሮ ዛሬ አዋሽ ጣቢያ ነው። በየቀኑ ከሥራ በፊት ጎሹን ይጠራውና በሽቦው «ስእለት አለብህ?» ይለዋል። ሁለቱን ባዶ ስልቻዎች ግን በተዘረገፉበት ቀን እመት ዘርፉ አነሷቸው። «ካልፈለጋችኋቸው ለሽንብራዬ ይሆኑኛል» ብለው ጓዳ አስገቧቸው።